በትራፊ ክር ቁልፍ ያላት ትንሽ ቦርሳ በኪሮሽ እንስራ

ኪሮሽ የሚሰራ ሰው ቤት አንድ ፌስታል አይጠፋም። ውስጡ የክር ትራፊ ነው። ከሕፃን ኮፍያ የተረፈ ቢጫ፣ ከሶፋ ልብስ የቀረ ቡናማ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሐምራዊ። ለመጣል ያሳሳል፣ ለሌላ ስራ ደግሞ አይበቃም። ለዚህች ቦርሳ ግን ይበቃል። የምትፈልገው ከ15 እስከ 25 ግራም ክር ነው፤ በርዝመት 40 ሜትር ግድም። የግድ አንድ ቀለም መሆንም አይጠበቅበትም።

ስትጨርሱ ወርዷ 12፣ ቁመቷ 9 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነች፣ ክዳን ያላትና በቁልፍ የምትዘጋ ቦርሳ ትኖራችኋለች። የታክሲ ዝርዝር፣ የታጠፈ ብር፣ የባንክ ካርድ፣ የጆሮ ማዳመጫ ትይዛለች። ጎኗ በመርፌ አይሰፋም። ከታች ተነስታችሁ ዙሪያዋን እየዞራችሁ ትወጣላችሁ፤ ክዳኗም እዚያው ከጀርባዋ ይቀጥላል። አንድ ረጅም ቁራጭ ሰርተው፣ አጥፈው፣ ጎንና ጎኑን የሚሰፉም አሉ። ይቻላል። ግን ሳንቲም የሚያመልጠው ሁሌም በዚያ በተሰፋው በኩል ነው።

ቁልፉ ይቅደም

ብዙ ሰው ቁልፍ የሚፈልገው ቦርሳውን ከጨረሰ በኋላ ነው። ያገኘው ቁልፍ ወይ በቀዳዳው አያልፍም፣ ወይ ዝም ብሎ ይወጣል። እናንተ ነገሩን ገልብጡት። መጀመሪያ ቁልፉን እጃችሁ አስገቡ፤ ቀዳዳው በእሱ ልክ ይሰራል።

2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁልፍ ለዚህች ቦርሳ ይስማማል። አሮጌ ካፖርት ካላችሁ ከእሱ ንቀሉ። የካፖርት ቁልፍ ወፈር ስለሚል ሹራብ ክር ውስጥ ይይዛል። የሸሚዝ ቁልፍ ቀጭንና ለስላሳ ነው፣ ይሾልካል። ከባድ የብረት ቁልፍም አልመክርም፤ ክሩን ወደ ታች እየጎተተ የቦርሳዋን ፊት ያረግበዋል። ሌላው፣ የቁልፉን ቀዳዳዎች ጠርዝ በጥፍራችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ክርም ይቆርጣል።

የትኛው ክር ከየትኛው ጋር?

ትራፊ ክር ላይ ሁሉም የሚጨነቀው ለቀለም ነው። ስራውን የሚያበላሸው ግን ውፍረት ነው። ቀይና አረንጓዴ ጎን ለጎን ቢውሉ ግፋ ቢል ዓይን ይወጋሉ። ወፍራምና ቀጭን ጎን ለጎን ከዋሉ ግን ቦርሳዋ አንዱ ጋ ትጠባለች፣ አንዱ ጋ ትነፋለች።

ውፍረት ለማወዳደር እርሳስ ይበቃል። ክሩን ሳትጎትቱና ሳትደራርቡ፣ አጠገብ ለአጠገብ እርሳሱ ላይ ጠቅልሉ። 2 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት ስንት ዙር ፈጀ? ከ9 እስከ 11 ከሆነ ለዚህ ስራ ልክ ነው። በአንድ የሚበላለጡ ክሮች አብረው ቢሰሩ ግድ የለም። 14 ወይም 15 ዙር የፈጀው ቀጭን ስለሆነ ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ስሩበት። ሁለት የተለያየ ቀለም ቀጭን ክር አንድ ላይ ሲሰራ የሚወጣው ዥንጉርጉር መልክ፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የክሩ ወረቀት ካልጠፋ ደግሞ እሱ ላይ ያለውን የክር ጥቅል ስዕል እዩ፤ 3 ቁጥር ካለበት የእርሳሱ ፈተና አያስፈልግም።

ክሩ ከምን እንደተሰራ ካላወቃችሁ 5 ሴንቲ ሜትር ቆርጣችሁ በወረንጦ ያዙና ሲንክ ላይ ለኩሱት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል። አክሪሊክ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝም ጥቁርና ጠጣር እንክብል ይሆናል። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው በኋላ ካውያ ስታስቡ ነው። ሦስቱንም አንድ ቦርሳ ላይ ማደባለቅ ይቻላል።

ካረጀ ሹራብ የተፈታ ክርም ይሆናል። ሲፈታ ተጨማዶ ስለሚወጣ እንዲሁ አትስሩበት። የወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሉት፣ አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ከወንበሩ አውጡና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ከዚያ ጨምቃችሁ ስቀሉት፣ ከስሩ ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥሉበት። ሲደርቅ ጭምደዳው ይለቃል።

ቀይ ወይም ጥቁር ክር ከነጭ ጋር የምታውሉ ከሆነ ቀለም እንደማይለቅ አረጋግጡ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ይዛችሁ እሹት። ጨርቁ ቀለም ካነሳ ያን ክር ለሌላ ስራ አቆዩት።

ኪሮሹና ሌላው ዕቃ

የኪሮሽ መርፌ፣ መቀስ፣ ክር የሚያስገባ ሰፊ ቀዳዳ ያለው መርፌ፣ ተራ የስፌት መርፌና ክር፣ ጥቂት ስፒል፣ አንድ የክብሪት እንጨት። ሜትር ከሌላችሁ የባንክ ካርድ ይተካዋል። የትኛውም ባንክ ይስጠው፣ ርዝመቱ 8.5፣ ወርዱ 5.4 ሴንቲ ሜትር ነው።

የኪሮሹ ቁጥር እጀታው ላይ ተቀርጿል። 3.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። በየቤቱ የሚገኘው፣ ለቴሌቪዥንና ለጠረጴዛ ዳንቴል የሚሰራበት ቀጭን የብረት ኪሮሽ አይሆንም። አብዛኛው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ ሹራብ ክሩን ይሰነጥቀዋል። የክሩ ወረቀት 4 ሚሊ ሜትር ተጠቀሙ ቢልም 3.5ን ምረጡ። ወረቀቱ የሚያስበው ለልብስ ነው፤ ልብስ መላላት አለበት። ቦርሳ ግን ጠበቅ ማለት አለባት። ጠበቅ ካለች ሳንቲም አያልፍባትም፣ ገበርም አትፈልግም።

የሚያስፈልጉት ስፌቶች

ሰንሰለት የምትችሉ ከሆነ ግማሹን ጨርሳችኋል። ክሩን ይዞ በቀለበቱ ማውጣት ነው፣ በቃ።

ሁለተኛው ነጠላ ስፌት ነው። ኪሮሹን ስፌቱ ውስጥ አስገቡ፣ ክር ይዛችሁ አውጡ። አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ያዙና በሁለቱም ውስጥ አሳልፉት። አንድ ቀለበት ቀረ፤ አንድ ስፌት ሆነ። ዩቲዩብ ላይ ስታዩት እንዳትደናገሩ፦ አሜሪካኖቹ ይህንን ሲንግል ክሮሼ ይሉታል፣ እንግሊዞቹ ደግሞ ይህንኑ ደብል ክሮሼ ይሉታል። በስሙ ሳይሆን በእጃቸው እንቅስቃሴ ተከተሏቸው።

ሦስተኛው መዝጊያ ስፌት ነው። ኪሮሹን ታስገቡና ክሩን በስፌቱም በቀለበቱም በአንድ ጊዜ ታወጡታላችሁ። አጭርና ጠፍጣፋ ነው።

በግራ እጃችሁ የምትሰሩ ሁሉንም በተቃራኒ አቅጣጫ አድርጉት፤ ቁጥሩ አይለወጥም።

ታችኛው ክፍል

21 ሰንሰለት ስሩ። ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም። ላላ ይበል፤ ከጠበቀ በሁለቱም ጎኑ ስለምትሰሩበት በኋላ ኪሮሹ አልገባ ይላችኋል። እጃችሁ የሚያጠብቅ ከሆነ ሰንሰለቱን ብቻ በ4 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ሰርታችሁ ወደ 3.5 ተመለሱ። የሰንሰለቱ ፊት ሹሩባ ይመስላል። ያ ፊት ወደ እናንተ ይሁን፣ ካልሆነ ተጠማዟል።

ከኪሮሹ ሁለተኛው ሰንሰለት ላይ ጀምራችሁ 19 ነጠላ ስፌት አንድ በአንድ ስሩ። አንድ ሰንሰለት ይቀራል። እሱ ውስጥ 3 ነጠላ ስፌት አስገቡ። ስራው በራሱ ይዞራል፤ የሰንሰለቱ የታችኛው ጎን አሁን ወደ ላይ መጣ። በዚያ ላይ 18 ስሩ። የመጨረሻው ሰንሰለት ውስጥ መጀመሪያ ላይ የሰራችሁት አንድ ስፌት አለ፤ 2 ጨምሩበት። 19፣ 3፣ 18፣ 2፤ ድምሩ 42።

ቁጠሩ። 41 ከሆነ የተዘለለችው ስፌት የት እንዳለች ልንገራችሁ። ማዕዘኑን ዞራችሁ የምታገኟት የመጀመሪያዋ ናት። አንድ ቀዳዳ ውስጥ የገቡት ሦስቱ ስፌቶች ተጋፍተው ይሸፍኗታል። በጣታችሁ ገፋ ስታደርጓቸው ብቅ ትላለች። እዚህ ላይ መፍታት የአንድ ደቂቃ ስራ ነው፤ ከአሥር ዙር በኋላ ግን ያናድዳል።

አካሏ

ከዚህ በኋላ መጨመርም መቀነስም የለም። እያንዳንዱ ስፌት ላይ አንድ ነጠላ ስፌት እየሰራችሁ ዝም ብላችሁ ዙሩ። ዙር አይዘጋም፤ እየተጠመዘዘ ይወጣል። የዙሩን መጀመሪያ እንዳታጡት ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር የመጀመሪያዋ ስፌት ላይ አጋድሙና በየዙሩ ወደ ላይ አሻግሩት።

ሦስት አራት ዙር ስትሄዱ ቦርሳዋ ጎድጎድ ትላለች። እዚህ ጋ ውስጧና ውጭዋ መለየት አለበት። ኪሮሹ መስራት ያለበት ወደ እናንተ በቀረበው ጠርዝ ላይ ነው። በማዶኛው ጠርዝ እየሰራችሁ ከሆነ ውስጧ ወደ ውጭ ወጥቷልና ገልብጧት። አግድም ጭረት የበዛበት ፊት ውስጧ ነው።

ቀለም መቀየር። ሚስጥሩ ያለው ከመቀየሪያው በፊት ያለችው ስፌት ላይ ነው። የአሮጌውን ቀለም የመጨረሻ ስፌት ጀምሩ። ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ሲኖር አቁሙ። አሮጌውን ክር ልቀቁት፣ አዲሱን ያዙና በሁለቱም ቀለበት አሳልፉት። ስፌቷን በአሮጌው ጨርሳችሁ ከቀየራችሁ የአዲሱ ቀለም የመጀመሪያ ስፌት አናቷ በአሮጌው ቀለም ይወጣና ድንበሩ የተቀባባ ይመስላል። ከሁለቱም ክር 15 ሴንቲ ሜትር ጭራ አስቀሩ፤ ያጠረ ጭራ መደበቅ አይቻልም።

ስራው እየተጠመዘዘ ስለሚወጣ ቀለም የተቀየረበት ቦታ ላይ ትንሽ ደረጃ ይታያል። ለማለዘብ የአዲሱን ቀለም የመጀመሪያዋን ስፌት በነጠላ ፈንታ በመዝጊያ ስፌት ስሯት። በሚቀጥለው ዙር ግን እሷም ላይ እንደ ሌላው ነጠላ ስሩባት። ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የቀለም መቀየሪያችሁን ጎን ላይ ካደረጋችሁት ማንም አያየውም።

ክሩ ዙሩን ይጨርስ ይሆን ወይ የሚለው የትራፊ ክር የዘወትር ጭንቀት ነው። አንድ ዙር 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጃችሁ 2 ሜትር ከቀረ ዙሩን ያለ ችግር ትጨርሳላችሁ። ከዚያ ካነሰ አትሞክሩት፤ ያን ክር ለጠርዝ አስቀምጡት።

ከመጀመሪያው ዙር በላይ 17 ወይም 18 ዙር ስሩ። ከዚያ ካርዱን አቁማችሁ አስገቡት። ሙሉ በሙሉ ከተዋጠ ቁመቷ በቅቷል።

ክዳኑ ከመጀመሩ በፊት

ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ ቦርሳዋ ጠማማ ወይም ቀጥ ያለች የምትሆነው እዚህ ነው።

እንዲህ እየተዞረ ሲሰራ ስፌቱ ቀጥ ብሎ አይወጣም። እያንዳንዷ ስፌት ከታችኛዋ ትንሽ ወደ ቀኝ ታጋድላለች። ከአሥራ ምናምን ዙር በኋላ ምልክት ያደረጋችሁበት ክር ከቦርሳዋ ጎን ሸሽቶ ወደ መሃል ገብቷል። ምልክቱን አምናችሁ ክዳኑን ከጀመራችሁ ክዳኑ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ ይሆናል።

ስለዚህ ምልክቱን እርሱት። ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ዘርጓት። የታችኛው የሰንሰለት መስመር ቀጥ ብሎ ከስር ይተኛ። በእጃችሁ ደልድሏትና አፏ ላይ በሁለቱም ጎን ጫፍ አንዳንድ ስፒል ሰኩ። በስፒሎቹ መሃል ያለውን ስፌት ቁጠሩ፤ ከፊት 21፣ ከኋላ 21 መሆን አለበት። 20 እና 22 ከሆነ አንዱን ስፒል በአንድ ስፌት አንቀሳቅሱት። አሁን ኪሮሹ ካለበት ተነስታችሁ እስከሚቀጥለው ስፒል ድረስ ነጠላ ስፌት ስሩ። ሦስትም ይሁን አሥር፣ ስፒሉ ጋ ስትደርሱ ጎኗ ላይ ናችሁ።

ክዳኑ

አንድ ሰንሰለት ሰርታችሁ ስራውን ገልብጡ። አሁን ያለፋችሁበትን ጎን ወደ ኋላ ትመለሱበታላችሁ፤ ያ ጎን የቦርሳዋ ጀርባ ይሆናል። 21 ነጠላ ስፌት ስሩ። ሁለተኛው ስፒል ጋ ስትደርሱ ቁሙ። እንደገና አንድ ሰንሰለት፣ መገልበጥ፣ 21። እንዲህ 4 ረድፍ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ። ስትገለብጡ የምትሰሩት አንድ ሰንሰለት እንደ ስፌት አይቆጠርም። ብዙ ጀማሪ እሱን ይቆጥርና ክዳኑ እየሰፋ ይሄድበታል።

ከአምስተኛው ረድፍ ጀምሮ በሁለቱም ጫፍ አንድ አንድ ትቀንሳላችሁ። አቀናነሱ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያዋ ስፌት ክር አውጡ፣ ሳትጨርሷት ከሁለተኛዋም አውጡ፤ ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት አለ። ክር ይዛችሁ በሦስቱም አሳልፉ። ሁለት ስፌት አንድ ሆነ። መሃሉን እንደወትሮው ስሩና የመጨረሻዎቹን ሁለት ስፌቶችም እንደዚሁ አጣምሩ። 5 ረድፍ እንዲህ ስትሄዱ ቁጥሩ 19፣ 17፣ 15፣ 13፣ 11 እያለ ይወርዳል።

11 ላይ ቀዳዳው ይሰራል። 4 ነጠላ ስፌት፣ ከዚያ 3 ሰንሰለት፣ ከስር 3 ስፌት ዝለሉ፣ እንደገና 4 ነጠላ ስፌት። ገልብጡ። 4 ነጠላ ስሩ፣ ሰንሰለቱ የፈጠረው ክፍተት ውስጥ 3 አስገቡ፣ 4 ጨርሱ።

ከመቀጠላችሁ በፊት ቁልፉን አሳልፉበት። መግፋት ካላስፈለገ ቀዳዳው ሰፍቷል። የኪሮሽ ስራ በአገልግሎት ይላላል። ዛሬ በቀላሉ የሚገባ ቁልፍ ከሳምንታት በኋላ ራሱ መውጣት ይጀምራል። ፍቱትና 3 ስፌት ዘላችሁ 2 ሰንሰለት ብቻ ስሩ። በሚቀጥለው ረድፍ ክፍተቱ ውስጥ የምታስገቡት ያው 3 ነው። ትንሽ ታግሎ የሚገባ ቀዳዳ ነው የሚፈለገው።

ጠርዝና ጭራ

ክሩን ሳትቆርጡ በክዳኑ ጎን ውረዱ፤ በየረድፉ ጫፍ አንድ ነጠላ ስፌት። የቦርሳዋ አፍ ላይ ስትደርሱ የፊቱን ጠርዝ በመዝጊያ ስፌት እለፉት፤ አፏ እንዳይከፈት ያጠብቀዋል። በሌላኛው የክዳኑ ጎን ወጥታችሁ የክዳኑን ጫፍ በነጠላ ስፌት ጨርሱ። ያቺ ለአንድ ዙር ያልበቃች የምታምር ቁራጭ ክር ቦታዋ እዚህ ነው። ክሩን ቁረጡና ጫፉን በመጨረሻው ቀለበት ጎትታችሁ አውጡ።

ጭራዎቹን በመርፌ ከውስጥ በኩል ደብቁ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከሄዳችሁ ሾልኮ ይወጣል፣ በተለይ አክሪሊክ። 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ቀኝ ሂዱ፣ አንድ ስፌት ዝለሉና ወደ ግራ ተመለሱ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ላይ። አክሪሊክን በክብሪት አቅልጠው የሚያያይዙ አሉ። ጠጣር ጫፍ ይተዋል፣ እጅም ይቧጭራል፤ ይቅርባችሁ።

ቁልፉን መትከል

ቦርሳዋን በምትይዘው ነገር ሙሏት። ካርድ፣ ጥቂት ሳንቲም። ባዶዋን ለክታችሁ ከተከላችሁ ስትሞላ ክዳኑ አይደርስም። ክዳኑን ዝጉ፣ በቀዳዳው መሃል ስፒል አሳልፋችሁ ከታች ያለውን ስፌት ምልክት አድርጉ።

ለመስፋት ጠንካራ የስፌት ክር እጥፍ አድርጋችሁ ተጠቀሙ። ሹራብ ክር በቁልፍ ቀዳዳ አያልፍም፣ ቢያልፍም ቶሎ ይላጋል። ከጨርቁ ጀርባ፣ በቦርሳዋ ውስጥ በኩል፣ ትንሽ የሸሚዝ ቁልፍ አድርጉና ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ስፏቸው፤ መርፌው በፊተኛው ገብቶ በኋለኛው ይውጣ። ያኔ የሚጎተተው የኋለኛው ቁልፍ እንጂ ስፌቱ አይሆንም። ስትሰፉ የክብሪት እንጨቱን በፊተኛው ቁልፍና በጨርቁ መሃል አስገቡት። አምስት ስድስት ጊዜ ከተመላለሳችሁ በኋላ እንጨቱን ሳቡት፣ ክሩን ከቁልፉ ስር አራት አምስት ጊዜ ጠቅልሉና ከጀርባ ቋጥሩ። ያ የክር አንገት ለክዳኑ ውፍረት ቦታ ይሰጠዋል። እሱ ከሌለ ቁልፉ በዘጋችሁት ቁጥር ክዳኑን ጨምድዶ ይይዛል።

እጥበትና ሌላ ልክ

ለብ ባለ ውሃ በእጅ እጠቧት፣ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ተጫኗት፣ ዘርግታችሁ አድርቋት። ካውያ ለጥጥ ይሆናል። አክሪሊክ ካለባት ግን ካውያው አይንካት፤ ክሩ ይሞትና ለዘለቄታው ልፍስፍስ ይላል።

ለመነጽር መስሪያ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የሰራችሁት ቦርሳ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ስፌት እንዳለ ቁጠሩ። 18 ነው እንበል። 17 ሴንቲ ሜትር ወርድ ከፈለጋችሁ 17ን በ1.8 አባዙ፤ 31 ይሆናል። 31 ሰንሰለት ስሩ። የመጀመሪያው ዙር 29፣ 3፣ 28፣ 2 ይሆንና 62 ይመጣል። የሰንሰለቱ ቁጥር ሁልጊዜ ጎዶሎ ይሁን፤ ያኔ ቀዳዳው መሃል ይውላል። ለ8 ሴንቲ ሜትር ቁመት 16 ዙር ይበቃል። ክዳኑ ላይ ቀጥ ያሉትን 4 ረድፎች ተዉና ከ31 ወዲያው መቀነስ ጀምሩ፤ በ10 ረድፍ 11 ላይ ትደርሳላችሁ። ክሩ 60 ሜትር ቢሆን አያሳስብም።